እትዬ ቋጠሮ እና የተራበው ገንዳ

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «ቋጠሮ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ፀጉር አስተካካይ ስለሆንኩ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እየሰማ ይዞት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ በሥራዬ ሁለቱንም አያለሁ።

ስሙ ግን ልክክ ብሎባታል። እትዬ የሻርፗ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሳትቋጥር ከቤት አትወጣም፤ መርፌ ከነክሩ፣ ቁራጭ ሻማ፣ ሁለት ከረሜላ። ከረሜላው የእኔ ነበር። እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሴ አልተነቀለም፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጉልበቴ ሲላጥ፣ ልጆች ሲመቱኝ፣ ሲከፋኝ ቋጠሮው ይፈታና አንድ ከረሜላ አፌ ውስጥ ዱብ ይላል። እሷ ራሷ ስትበላ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቼ አላውቅም። እኔ ጢም አብቅዬ የሰው ጢም መላጨት ከጀመርኩ በኋላም ቋጠሮው እዚያው ነው። «ለመቼ ነው እሱ?» ስላት «ለክፉ ቀን» ትለኛለች። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ «ከዚህ የባሰ አለ» ብላ ይበልጥ ታጠብቀዋለች።

ሥራዋ ወተት ፋብሪካው ጓሮ ነው። ፋብሪካው ቀኑን ሙሉ ቱቦውን፣ በርሜሉንና ወለሉን ሲያጥብ ይውላል። ያ ነጭ እጣቢ ዝም ብሎ ወንዝ ቢለቀቅ ግማቱ ዓሣውንም ሰውንም ይፈጃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ገንዳው ውስጥ ያለው ነገር ለዓይን ቡናማ ጭቃ ነው፤ እውነቱ ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ ነው። ከታች ሞተር አየር ይነፋለታል፣ እሱ እጣቢውን ይበላል፣ በመጨረሻ ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ የጠራው ውሃ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እትዬ የዚህ ገንዳ ጠባቂ ናት። አረፋውን በረጅም ጭልፋ ትገፋለች፣ በብርጭቆ እየቀዳች አዘቃቀጡን ታያለች፣ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። ጠዋት ስትገባም «እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቼ?» ትላቸዋለች። ይህን ያየ ሰው አእምሮዋን ይጠራጠራል። እኔም አንዳንዴ እጠራጠር ነበር፤ በተለይ ያንን ሽታዋን ይዛ ወንበሬ ላይ ልትቀመጥ ስትል።

አንድ ጠዋት የፋብሪካው ውሃ ማፍያ ቦይለር ፈነዳ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው፤ ሥራው ግን ቀጥ አለ። መለዋወጫው ከሩቅ በመርከብ ነው የሚመጣው ተባለና ሠራተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ተሰናበተ። ወተት ከሌለ እጣቢ የለም። እጣቢ ከሌለ ገንዳው ምን ይበላል? ይህንን የጠየቀች እትዬ ብቻ ናት። ሥራ አስኪያጁ ጓሮ ድረስ መጥተው መልሱን ነገሯት።

«ፋብሪካው ሲከፈት ገንዳው ሥራውን ከሠራ፣ ጥሩ» አሏት። «ሞቶ ከጠበቀኝ ግን አዲስ እስኪለማልኝ ወራት አልጠብቅም። አፈር አለብሰውና እጣቢውን በቦቴ አስጭናለሁ። ያኔ ከእርስዎም ጋር እንሰነባበታለን።»

እትዬ ቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ሥራውስ ይቅር» አለችኝ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች። «እነሱ ግን በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው። ዓይኔ እያየ!»

«ባክቴሪያ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«አንተስ ስትጀመር ምን ታክላለህ ነበር?»

ፎጣ አቀበልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለችው ቀን ከዓይኔ አትጠፋም። አንድ ደንበኛ ወንበሬ ላይ አጋድሜ ግማሽ ፊቱን ላጭቼ ግማሹ ገና በአረፋ እንደተሸፈነ፣ እትዬ በሩን በርግዳ ገባች። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ቋጥረዋል!» ብላ ጮኸች። «ልጆቼ ቋጥረዋል! ተነሥ፣ ና እይ!»

«እትዬ፣ ሰው እየላጨሁ እኮ ነው!»

«ጢሙ የት ይሄዳል? ነገም ይበቅላል!»

ደንበኛዬ ከእኔ ይልቅ እሷን ፈርቶ «ሂድ፣ ሂድ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ» አለኝ። ምላጩን አስቀምጬ ተከተልኳት። በመንገድ ላይ ግማሹን በትንፋሿ፣ ግማሹን በእጇ እያወራች ነገረችኝ። ፋብሪካው ቢዘጋም የላብራቶሪዋ ልጅ ሥራዋን አልተወችም፤ ወጣት ናት፣ መነጽር ታደርጋለች፣ ስትደሰት ቃላት ይጋጩባታል። እሷ ናት ከገንዳው አንድ ጠብታ ወስዳ፣ መስታወት ላይ አድርጋ፣ ጥቁር ቀለም አስነክታ ማይክሮስኮፕ ሥር ያስቀመጠችው።

ላብራቶሪው ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቧንቧ፣ መደርደሪያ ሙሉ ብልቃጥ። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀንኩ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ልጅቷ የሆነ ነገር አዟዟረች፤ እና ወዲያው፣ በስመ አብ! ፈዘዝ ያሉ በትር የሚመስሉ ነገሮች ተጠጋግተው ሞልተዋል። እያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ጥቁር ነጥብ አለ፤ አንዱ ጋ ሁለት፣ ሌላው ጋ አራት፣ አንዳንዱ እስከ አፍጢሙ ተወጥሯል።

«ታመው ነው?» አልኩ።

«አይደለም! ስንቃቸው ነው!» አለች ልጅቷ። «ጠዋት ጠዋት እጣቢው በብዛት ሲመጣባቸው፣ ያን ሁሉ በአንዴ ለማደግ ሊያውሉት አይችሉም። ስለዚህ የተረፈውን እንደ ጮማ ያለ ነገር አድርገው ውስጣቸው ያስቀምጡታል። ምግብ ሲጠፋ ደግሞ ትንሽ በትንሽ እያነሡ ይኖሩበታል። ረሃብ ብቻም አይደለም፤ ስንቅ የያዘው ብርዱንም ሙቀቱንም ከባዶው ይልቅ ይቋቋማል። የሚገርመው ደግሞ እትዬ ጠዋት አጥግበው ከሰዓት ጾም ስለሚያሳድሯቸው ነው ይህን ያህል ቆጣቢ የሆኑት። ሁልጊዜ ጠግቦ የሚውል ባክቴሪያ እንዲህ አይሰንቅም።»

እትዬ ያንን አሠራር ከማንም አልተማረችውም፤ የፋብሪካው ሰዓት ነው ያስለመዳት። ጠዋት ትልቁ እጥበት ይመጣል፣ ከሰዓት ምንም የለም። ቢሆንም እንደራሷ ልጅ አስተዳደግ ኮራችበት። «እኔ ያሳደግኩት ሁሉ ቋጣሪ ነው» ካለች በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ «ከአንዱ በቀር» አለች። እሷና ልጅቷ ተቃቅፈው ጮቤ ረገጡ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አብሬ ዘለልኩ። ደንበኛዬ ትዝ ያለኝ ስመለስ ነው፤ ግማሽ ጢሙን ይዞ እንቅልፍ ወስዶታል።

መለዋወጫው በሳምንት ይደርሳል ተብሎ ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላም አለፈ፣ መርከቡ የለም። ሰፈራችን ደግሞ ፋብሪካው ሲያስነጥሰው የሚታመም ሰፈር ነው። ሥራ የፈታ ሰው ፀጉር አይቆረጥም፤ ወንበሬ አቧራ ጠጣ። ያን ጊዜ ነው የእትዬ ቁም ሣጥን የተከፈተው። ዱቄት፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ የደረቀ ቲማቲም፣ ሳሙና ሳይቀር፤ ሁሉም በየከረጢቱ፣ አፉ በክር ታስሮ። ስንት ዓመት ስስቅበት የኖርኩትን ከረጢት አሁን በሁለት እጄ ይዤ ማንኪያ እየጠየቅኩ ነው። እሷም አላሳቀቀችኝም፤ በማንኪያው ግን እየሰፈረች ነው የምትሰጠኝ።

ገንዳው ጋ ነገሩ እንዲህ አልተቃና። ልጅቷ በየጊዜው ጠብታ እየወሰደች ታያለች፤ ጥቁሩ ነጥብ ከጠበቀችው በላይ እየፈጠነ ይጠፋ ጀመር። አራት የነበረው ሁለት፣ ሁለት የነበረው አንድ ሆነ። አንዳንዱማ ባዶውን ቀርቷል።

«በዚህ አያያዝ ለመክፈቻው ቀን አይደርሱም» አለች። ምክንያቱን ግን አላወቀችውም፣ እትዬም አላወቀችውም። እትዬ በበኩሏ ምንም የጎደለባቸው አይመስላትም። ምግብ ባይኖራቸው እንኳ አየር አይጎድልባቸውም ብላ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ በሙሉ ኃይሉ ታስነፋለች። ሠፈሩ ሁሉ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ «ቋጠሮ ልጆቿን ታስተነፍሳለች» እያለ ይሥቃል።

ቅስሟ ተሰብሮ ለምሳ የመጣችበት ቀን እኔም ደህና አልነበርኩም። ደንበኛ የለ፣ ወሬ የለ፤ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት እንጎራደዳለሁ። እትዬ ምስሩን እያማሰለች ታግሣ ታግሣ በመጨረሻ ገነፈለች።

«ኧረ ተቀመጥ! ጭንቅላቴን አዞርከው። በባዶ ሆዱ እንዲህ የሚንጎራደድ ሰው አይቼ አላውቅም። ያቺን የበላሃትን በከንቱ ጨርሰህ ደግሞ ራበኝ ትለኛለህ። የራበው ሰው አርፎ ነው የሚቀመጠው፣ ትንፋሹን እንኳ ቀስ...»

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ማማሰያው በእጇ ነው፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተክሏል። የሆነ ነገር የመታት መስሎኝ ልደግፋት ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «የማንጎራድዳቸው እኔ ነኝ!»

ከዚያ ጨርቄን ማቄን ሳትል በሩን ወጣች፤ ማማሰያውን እንኳ አላስቀመጠችም። ምስሩን ከእሳቱ አውርጄ ተከተልኳት። የላብራቶሪዋን ልጅ በር ላይ አገኘቻትና ማማሰያውን እያወዛወዘች ነገሩን ስትነግራት፣ ልጅቷ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«እኔስ እንዴት አላሰብኩትም! አየር በበዛ ቁጥር ስንቃቸውን ያነዱታል እኮ! እሳት ላይ እንደ ማራገብ ነው። እኔ ነጥብ ስቆጥር ሞተሩን ረሳሁት።»

«እኔም ሞተሩን ሳዳምጥ ሆዳቸውን ረሳሁ» አለች እትዬ።

ሁለቱም ሣቁ። እዚያው ቆመው አዲስ አሠራር አወጡ። አየሩ ጨርሶ ከጠፋ ጭቃው ይሸታል፣ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ ጠዋት ትንሽ፣ ቀትር ላይ ትንሽ፣ አመሻሹ ላይ ትንሽ ይነፋና ይጠፋል። የቀረውን ጊዜ ይረፉ። ልጅቷ በሚቀጥለው ጊዜ ስታይ ነጥቡ መቀነሱን አላቆመም፤ አቀናነሱ ግን የኤሊ ጉዞ ሆኗል። ደስታቸው ለእኔም ተጋባብኝ፤ በየቀኑ ከሱቄ «ዛሬስ እንዴት ናቸው?» እያልኩ እጠይቅ ጀመር፤ እኔ፣ ያ ሽታውን የምጸየፈው ሰውዬ።

የሞተሩ ዝምታ ግን ሥራ አስኪያጁን ጠራቸው። መጥተው ገንዳው አጠገብ ቆሙ። ውሃው ጠቁሯል፣ አረፋ የለም፣ አንድ ነገር አይንቀሳቀስም።

«ሞቷል» አሉ።

«ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አለች እትዬ።

«እትዬ፣ ዝም ብሏል እኮ!»

«ዝም ያለ ሁሉ ሞቷል ከተባለማ የእርስዎ ስብሰባ ላይ ማን ይተርፋል?»

ሥራ አስኪያጁ ሣቃቸውን ዋጡት፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ የፋብሪካው ጭንቅ ነው የያዛቸው። «መለዋወጫው ወደብ ደርሷል» አሉ። «የመክፈቻው ቀን ዶዘር ቀጥሬያለሁ። ጠዋት እጣቢው ይገባል። ከሰዓት የሚወጣው ውሃ ካልጠራ እዚያው ቀን አፈር ይለብሳል። ከዚህ በላይ አልችልም።»

የመክፈቻው ቀን ሱቄን አልከፈትኩም። እንዴት ብዬ? ጓሮው በሰው ተሞልቷል፤ ግማሹ ለሥራው፣ ግማሹ ለወሬው። ዶዘሩ ገንዳው አጠገብ ቆሟል፣ ቢጫ፣ እንደ ቤት የሚያክል፤ ሾፌሩ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ይጠብቃል። እትዬ ወደዚያ አላየችም። ቫልቩን በሁለት እጇ ይዛ እጣቢውን በቀጭኑ ለቀቀችው።

«ይጨምሩበት እንጂ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ጾም የዋለ ሆድ ላይ አይከመርም» አለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ሞተሩ ተነሣ። ነጩ እጣቢ ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ አመድማ ሆነ፤ አየሩ ከታች ፈላ። እየጨመረች፣ እየጨመረች ሄደች። ቀትር ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ከመውጫው ቦይ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ፀሐይ አነሡት። ድፍርስ ነው፤ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። እህቴን ለማየት ፈራሁ። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አፍስሰው ለዶዘሩ ሾፌር እጃቸውን አነሡ፤ የዶዘሩ ሞተር ጓጉሮ ተነሣ። እትዬ ከገንዳው ጠርዝ አልተነቃነቀችም። የሻርፗን ጫፍ ጨብጣ ቆማለች።

በዚህ መሃል የላብራቶሪው በር ተበረገደ። ልጅቷ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ወጥቶ፣ ጓንቷ ቀለም በቀለም ሆኖ፣ እየሮጠች መጣች።

«ይምጡ! እትዬ ሳይሆኑ እርስዎ! ይምጡና ይዩ!» ብላ የሥራ አስኪያጁን ክንድ ያዘች። አለቃዋ መሆናቸውን የረሳችው ይመስለኛል። እኔም ማን ጋበዘኝ ሳልል ተከትዬ ገባሁ።

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ ቆዩ።

«እነዚህ ጥቁር ነገሮች ምንድን ናቸው?»

«ስንቅ ነው! ትናንት ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ የትናንቱ መስታወት ይኸው፣ ያስተያዩት። ዛሬ ጠዋት ምግብ ሲያገኙ ከሁሉ በፊት ያደረጉት ይህን ነው፤ ሳያድጉ፣ ሳይራቡ... ማለቴ ሳይባዙ፣ መጀመሪያ መሰነቅ! የሞተ ነገር አይሰንቅም እኮ! እጣቢውን እየወሰዱት ነው፤ ውሃው ላይ እስኪታይ ትንሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈልጉት!»

ሥራ አስኪያጁ የትናንቱን አዩ፣ የዛሬውን አዩ፣ እንደገና የትናንቱን አዩ። ከዚያ ወጥተው ለዶዘሩ ሾፌር «አጥፋው» አሉት። «ከሰዓት ብያለሁ፣ ከሰዓት ይሁን።»

ያንን ከሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። መንጎራደድ አማረኝ፣ እትዬን አይቼ ተቀመጥኩ። ገንዳው ላይ ቀለል ያለ ቡናማ አረፋ መታየት ጀመረ፤ እትዬ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ፊቷ በራ። ፀሐይዋ ጥላውን ጓሮው ላይ ስታስረዝም ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን ለሁለተኛ ጊዜ ቀዱ። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ከብርጭቆው ጀርባ ያዙትና፣ በውሃው ውስጥ አሳልፈው አዩት።

«አሥር ሰዓት ከሩብ» ብለው አነበቡ።

ጓሮው በአንድ አፍ ጮኸ! ወተት ቀጂዎቹ ኮፍያቸውን ወረወሩ፣ ልጅቷ ጓንቷን ወረወረች፣ የዶዘሩ ሾፌር ለምን እንደሆነ ሳይገባው ጥሩምባውን ነፋ። ሥራ አስኪያጁ እትዬን ጨበጧት፣ ደግመው ጨበጧት፣ ከዚያ እጃቸውን አሸተቱና ሣቁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አለቀስኩም፣ አልደብቅም።

ሰዉ ገለል ሲል እህቴን ብቻዋን አገኘኋት። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ የሻርፗን ቋጠሮ በጥርሷ እየፈታች ነው። ጠብቆ ስለኖረ አስቸገራት። መርፌውን ከነክሩ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ሻማውን አስቀመጠች፤ ሁለቱን ከረሜላ ልጣ አንዱን ወደ አፏ ከተተችው፣ ሌላውንም አስከተለችው። እኔ ልማዴ ሆኖ እጄን ዘርግቼ ነበር።

«እትዬ! ሁለቱንም? ለክፉ ቀን አልነበረም እንዴ?»

«እሱማ አለፈ» አለችኝ፣ ጉንጯ በሁለቱም በኩል አብጦ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከረሜላ የሚሸጥ ሱቅ በር ላይ ቆም አለችና ግባ ብላ ጠቀሰችኝ። ባዶው የሻርፗ ጫፍ በእጇ ተዘርግቷል። ያን ዕለት ከረሜላውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ የቋጠርኩላትም እኔ ነኝ።